አባቱ ወንዝ ውስጥ የቀረ ዓሣ

ስለ ዋሻ ዓሦች አመጣጥ ድሬዳዋ ላይ ለባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከቤቴ ይዤ የመጣሁት ይህ ማንቆርቆሪያ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ እጅ በእጅ ይዙር። ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከሥሩ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት የጥፍር ያህል ወፍሯል፤ በማንኪያ ጫፍ ሲፋቅ እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተሰበረ ይነሣል፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ አረፋ ያወጣል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ በየቤታችን ስላለ ግን ምንነቱን አንጠይቅም።

ቅርፊቱ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ሲሰርግ ጥቂት አሲድነት ያገኛል፤ በመንገዱ ያለውን የኖራ ድንጋይም በዝግታ እያሟሟ ይዞት ይሄዳል፤ ከጉድጓድ ወጥቶ እሳት ላይ ሲጣድ ጋዙ ይወጣና ድንጋዩ ከማንቆርቆሪያው ሥር ተመልሶ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ድንጋይ ከመጣ፣ ከመጣበት ቦታ የጎደለ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ያ ጉድለት በብዙ ሺህ ዓመታት ሲጠራቀም ስንጥቁ ቱቦ፣ ቱቦውም ዋሻ ይሆናል። ከከተማችን በስተ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ከታወቀ ወዲህ የጥንት ሰው መኖሪያነቱ የሚጠናውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያያችሁ ሁሉ፣ ውሃ በኖራ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚሠራ አይታችኋል። ያ ዋሻ ዛሬ ደረቅ ነው፤ ዓሣም የለበትም። የዛሬ ንግግሬ ግን ውሃቸው ስላልደረቀ ዋሻዎችና በውስጣቸው ስለሚኖሩ፣ ዓይን ስለሌላቸው ዓሦች ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዋሻ ዓሣ ሲነሣ ተማሪዎቼ ለዓመታት ደጋግመው ያቀረቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጨለማ ውስጥ ዓይን አይጠቅምም፤ ይሁን። ግን ቢኖርስ ምን ይጎዳል? ለምን ጠፋ?» ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቻርልስ ዳርዊን ራሱ በ1859 ፊት ለፊት ገጥሞታል። ጨለማ ውስጥ ዓይን ጥቅም ቢያጣም ጉዳት ያመጣል ብሎ ማሰብ ስላስቸገረው፣ የመጥፋቱን ምክንያት ሙሉ በሙሉ ያለመጠቀም ውጤት አድርጎ አስቀመጠው። በዚያ ዘመን ስለ ዘር ውርስ አሠራር የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ያለመጠቀም ብቻውን ለልጅ እንደማይተላለፍ እናውቃለን፤ አወዳይ ላይ ጫት ሲያስር የኖረ ሰው እጁ መጅ ቢያወጣ፣ ልጁ መጅ ይዞ አይወለድም። ስለዚህ «ስላልተጠቀመበት ጠፋ» የሚለው አባባል ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ይመስላል እንጂ አይመልሰውም።

መልሱን ለማግኘት አንድ ያልተለመደ ዕድል ያስፈልግ ነበር፦ ዓይኑን ያጣው ልጅና ዓይናማው አባት ሁለቱም በሕይወት ያሉበት፣ እርስ በርስም የሚዋለዱበት ዓሣ። ይህ ዕድል ሜክሲኮ ውስጥ ተገኘ።

በ1936 በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ፣ ላ ኩዌቫ ቺካ ከተባለ ዋሻ የተያዙ ዓሦች ወደ አሜሪካ ተላኩ። ርዝመታቸው ከጣት ብዙም አይበልጥም፤ መልካቸው ከሥር ያለው ደም ስለሚያንጸባርቅ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ዓይን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ቆዳ ተዘርግቷል። ያጠኗቸው ሊቃውንት ፍጹም አዲስ ወገን ያገኙ ስለመሰላቸው «ዓይን የለሽ ዓሣ» የሚል ትርጉም ያለው የሳይንስ ስም አወጡላቸው። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሌሎች ዋሻዎች ተመሳሳይ ዓሦች ሲገኙ ለእነርሱም ሌላ ሌላ ስም ወጣ። ነገር ግን ከእነዚያው ተራሮች ግርጌ በሚፈሱት ወንዞች ውስጥ ብርማ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት፣ በመንጋ የሚዋኝ አንድ ተራ ዓሣ ነበረ፤ የሳይንስ ስሙ አስቲያናክስ ነው። የዋሻውንና የወንዙን አንድ ላይ ሲያኖሯቸው ተዋለዱ፤ ልጆቻቸውም መካን አልሆኑም። ስለዚህ እነዚያ ልዩ ልዩ ስሞች ቀሩ። ዛሬ የአስቲያናክስ ዓይነ ስውር ዓሦች የሚኖሩባቸው 30 ያህል ዋሻዎች ይታወቃሉ።

ወደ ዋሻው እንዴት ገቡ? እኛ የደቻቱ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በጋውን አሸዋ ነው፤ ክረምት ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ በ2006 ክረምት በሐዘን አይተናል፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላም ከውሃው የቀረው ወደ አሸዋው ይሰርጋል። የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር መስረግ ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው ዋሻ እየሰፋ ሲሄድ ወንዙ በሙሉ በአንድ አፍ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል፣ የቀድሞ መሄጃውም ደረቅ ሸለቆ ሆኖ ይቀራል። በወንዙ ውስጥ የነበረው ዓሣ ጨለማን መርጦ አልገባም፤ ቤቱ አብሮት ወረደ።

ከወረዱት ብዙዎቹ ሳያልቁ አልቀሩም። በዋሻ ውስጥ ፀሐይ ስለሌለ ተክል የለም፤ ምግብ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፦ ጎርፍ ያስገባው ቅጠልና ብስባሽ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የሞተ ነፍሳት። ከጎርፍ እስከ ጎርፍ ረጅም ረኃብ አለ። ዓይን ደግሞ፣ ተማሪዎቼ «ምን ይጎዳል?» እንዳሉት በነፃ የሚኖር አይደለም። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ እና ምስሉን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ኦክስጅንና ስኳር ያለማቋረጥ ይበላሉ፤ በጨለማም ሥራቸውን አያቆሙም። በ2015 የወጣ ጥናት በዚሁ ዓሣ ላይ ይህን ለክቶታል፤ አንድ ግራም በሚመዝን ትንሽ ዓሣ ዓይንና የማየት ነርቭ ሥርዓቱ የሚወስዱት ኃይል አካሉ በዕረፍት ጊዜ ከሚጠቀመው 15 በመቶ ሲሆን፣ 8.5 ግራም በሆነው ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ወጪው የሚከብደው ገና በማደግ ላይ ባለው፣ በቀላሉ በረኃብ በሚሞተው ጫጩት ላይ ነው ማለት ነው። ዳርዊን «ጉዳት አለው ብዬ መገመት ይቸግረኛል» ያለው ነገር በቁጥር ተገኘ።

አሁን ወደ ጽንሱ ላውርዳችሁ፤ እዚያ ያለው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የዋሻው ዓሣ እንቁላል ሲዳብር ዓይን መሥራት ይጀምራል። የሬቲናው ጽዋ ይጎደጉዳል፣ ሌንሱ ይበጃል፤ በመጀመሪያው ቀን የወንዙንና የዋሻውን ጽንስ ዓይን ለመለየት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚያ የሌንሱ ሕዋሳት ራሳቸውን መግደል ይጀምራሉ፤ ሌንሱ ሲሞት ሬቲናው ይከተላል፤ እየመነመነ የሄደው ዓይንም ወደ ውስጥ ሰርጎ በቆዳ ይሸፈናል። በ2000 ያማሞቶና ጄፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከወንዝ ዓሣ ጽንስ ላይ ሌንሱን አንሥተው በዋሻ ዓሣ ጽንስ አንድ ዓይን ውስጥ ተከሉት። ዓሣው ሲያድግ በአንድ በኩል እንደ ወገኖቹ ዓይን የለውም፣ በሌላው በኩል ግን ጥቁር ብሌኑ የሚታይ ትልቅ ዓይን አወጣ። ተቃራኒውንም ሠሩ፤ የዋሻው ሌንስ በወንዙ ዓሣ ውስጥም ቢሆን ሞተ፣ ዓይኑንም ይዞት ሄደ።

ይህ ሙከራ ዓይንን የሚሠራው ትእዛዝ አብዛኛው ገና እንዳለ አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥናት ደግሞ ሌንሱን የሚገድለውን ምክንያት ወደ ኋላ ተከትሎ፣ የራስን መካከለኛ መስመር የሚቀርጽ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ጂን (የውርስ ትእዛዝ የያዘ የዲኤንኤ ክፍል) በዋሻው ጽንስ ውስጥ በሰፊው እንደሚሠራ አገኘ። የዚህ ጂን መስፋፋት ዓይንን ሲቀንስ መንጋጋን ያሰፋል፣ በከንፈር ዙሪያ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳትንም ያበዛል። በጨለማ ምግቡን በአፉና በቆዳው ለሚፈልግ ዓሣ ይህ ትርፍ ነው። ውሃ ሲንቀሳቀስ የሚሰሙት፣ በቆዳው ላይ የተተከሉት የስሜት ሕዋሳትም ከወንዙ ዓሣ ይልቅ የበዙና የተሳሉ ናቸው፤ በጨለማ አንድ ጠብታ ስትወድቅ የዋሻው ዓሣ ወደ ንቅናቄው ሲቀርብ የወንዙ ዓሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድ የለውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የዛሬ ንግግሬ ዋና ነገር ወደሆነው ሙከራ እደርሳለሁ። በ2008 ቦሮውስኪ የተባለ ተመራማሪ ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ዓይነ ስውር ዓሦችን እርስ በርስ አዳቀለ። እናቱም አባቱም አያዩም፤ የእናትና የአባቱ አያት ቅድመ አያትም እንዲሁ። ጫጩቶቹን በሚሽከረከር ባለ መስመር ግድግዳ መካከል ሲያስቀምጧቸው ግን ከእነርሱ መካከል መስመሩን እየተከተሉ የሚዋኙ ተገኙ። ያያሉ! ወላጆቻቸው እጅግ ከተራራቁ ዋሻዎች በሆኑት ዘንድ የሚያዩት ልጆች ቁጥር 40 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ ዋሻዎቹ በተቀራረቡ መጠን ቁጥሩ አነሰ።

ነገሩን እንዲህ ተመልከቱት። ሁለት ቤቶች ጨልመዋል፤ የአንዱ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሽቦው ግን ደኅና ነው፤ የሌላው ሽቦው ተቆርጧል፣ አምፖሉ ግን ይሠራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጨለማ ናቸው። የአንዱን ሽቦና የሌላውን አምፖል ወስዳችሁ ሦስተኛ ቤት ብትሠሩ ግን ይበራል። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም የእያንዳንዱን ጂን ቅጂ ይወርሳል፤ እናቱ የተበላሸባትን አባቱ ደኅናውን ከሰጠው፣ አባቱ የተበላሸበትንም እናቱ ደኅናውን ከሰጠችው፣ ዓይኑ ይሠራል። ሁለቱ ዋሻዎች ዓይናቸውን ያጡት በአንድ ጂን ብልሽት ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ ደኅና ቅጂ የሚያገኝበት በር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ አንድ ዓይነ ስውር ዓሣ በከርሰ ምድር መንገድ ከዋሻ ወደ ዋሻ ተስፋፍቶ አይደለም እነዚህ ሁሉ የተገኙት። የወንዙ ዓሣ በተለያየ ጊዜና ቦታ ገብቷል፤ ዓይኑንም በተለያየ መንገድ አጥቷል። የቀለሙ ታሪክም ይህን ያጠናክራል። ነጭነት በአንድ ጂን እንደሚወረስ በ1950ዎቹ በማዳቀል ታይቶ ነበር፤ በ2006 ደግሞ ጂኑ ኦሲኤ2 የተባለው መሆኑ ታወቀ፤ ፓቾንና ሞሊኖ በተባሉት ሁለት ዋሻዎች ውስጥም ከጂኑ ላይ የተቆረጠው ክፍል የተለያየ ነው። ሁለት የተለያዩ ቁርጦች፣ አንድ ዓይነት ነጭ ዓሣ።

የተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም የሚጠቅም ባሕርይ ያላቸው ብዙ ልጅ የመተዋቸው ነገር፣ እና የአጋጣሚ ድርሻስ? እዚህ ላይ በ2007 የወጣውን ጥናት እጅግ ስለምወደው ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ተመራማሪዎቹ የወንዙንና የዋሻውን ዓሣ አዳቅለው በልጅ ልጆቹ ላይ የዓይንን መጠንና የጥቁር ቀለም ሕዋሳትን ብዛት የሚወስኑ የዘረመል ቦታዎችን ፈለጉ። የዓይንን መጠን የሚነኩ 12 ቦታዎች አገኙ፤ በ12ቱም ላይ ከዋሻው የመጣው ቅጂ ዓይንን ያሳንሳል። ቀለምን በሚነኩት ላይ ግን አንዳንዱ የዋሻ ቅጂ ቀለምን ሲቀንስ፣ ሌላው ይጨምራል። ሣንቲም 12 ጊዜ ተወርውሮ 12 ጊዜ በአንድ ፊት ቢወድቅ፣ ማንም ሰው አጋጣሚ ነው አይልም። ዓይን በምርጫ ተገፍቶ ጠፋ፤ ቀለም ግን የሚጠብቀው አጥቶ በአጋጣሚ ተበተነ ማለት ነው። ዳርዊን አንድ ምክንያት ብቻ ያየበት የዋሻ ዓሣ ሁለት የተለያዩ ሂደቶችን ጎን ለጎን ይዟል፤ እኔ «የዋሻ ሕይወት ያጎድላል» የሚለውን ጥቅል አነጋገር የማልቀበለው በዚህ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ቀድሞ በሚሊዮን ዓመታት ይገመት ነበር። የቅርብ ጊዜ የዘረመል ጥናቶች ግን በጣም አሳጥረውታል፤ በ2018 ከወጡት አንዱ የዋሻዎቹና የወንዞቹ መለያየት ከ200,000 ዓመት በታች እንደሆነ ሲገምት፣ ሌላው ከ20,000 ዓመት በታች ያደርገዋል። እኔ ራሴ ስለ ፍጥነቱ ጥርጣሬ የነበረኝ ሰው ነኝ፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ በጀርመን በ2015 የተገኘው የዋሻ ዓሣ ነው። ያ ዓሣ የተገኘበት ምድር በበረዶ ዘመን በግግር ተሸፍኖ ስለነበር፣ ወደ ከርሰ ምድሩ ሊገባ የሚችለው በረዶው ከሸሸ በኋላ፣ ማለትም ባለፉት 20,000 ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው፤ ዓይኖቹ አንሰዋል፣ ቀለሙም ፈዝዟል። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። በሕዋስ ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚደግፍ ኤችኤስፒ90 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የእርሱ ሥራ በመድኃኒት ሲታገድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩት የወንዝ ዓሦች ልዩ ልዩ መጠን ያለው ዓይን አወጡ። ልዩነቱ ቀድሞውኑ በዘራቸው ውስጥ ተሰውሮ ነበር። የዋሻ ውሃን የመሰለ፣ ጨው ያነሰበት ውሃም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። እንግዲያው ወደ ጨለማው የወረደው መንጋ አዲስ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) እስኪመጣ ብቻ ቆሞ አልጠበቀም፤ ምርጫው የሚሠራበትን ከወንዙ ይዞ ገብቷል።

ሜክሲኮ ላይ ቆየሁ፤ አሁን ወደ ጎረቤታችን ልምጣ። ከሐረር ተራሮች የሚነሣው ኤረር ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል፤ ዋቢ ሸበሌም ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ሶማሊያ ውስጥ ከምድር በታች የሚኖሩ ሦስት ዓይነት ዓይነ ስውር ወይም ዓይነ ደካማ ዓሦች ይታወቃሉ፤ በ1920ዎቹ ነው የተመዘገቡት። ከእነርሱ አንዱ ኡዌጊትግላኒስ የኛው አምባዛ ዘመድ ነው። ፍሪያቲክቲስ የተባለው ደግሞ ከቢልጫ ወገን ነው፤ ዓይንም፣ ቅርፊትም፣ ቀለምም የለውም።

የፍሪያቲክቲስ አባት እንደ አስቲያናክስ አባት ከዋሻው አፍ ላይ አይጠብቅም። አገሩ በረሃ ሲሆን የላይኛው ውሃ ጠፋ፤ ከምድር በታች የወረደው ብቻ ቀረ፤ ከ1.4 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተለይቶ እንደኖረ ይገመታል። ስለዚህ ከአባቱ ጋር ማዳቀል፣ ሌንስ መለዋወጥ፣ የሁለቱን ጂን በልጅ ልጅ ላይ መከታተል አይቻልም። የሚቻለው የጠፋውን ርቀት መለካት ነው፤ ርቀቱም ትልቅ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት የዚህን ዓሣ የውስጥ ሰዓት መርምሮ፣ እኛን ጨምሮ ብዙ ፍጥረት በ24 ሰዓት የሚዞርበት ሰዓት በእርሱ ዘንድ እስከ 47 ሰዓት እንደሚዘገይ፣ ብርሃን ቢበራበትም እንደማይስተካከል አሳየ። ብርሃንን ለሰዓቱ የሚያሳውቁት ፕሮቲኖች ተበላሽተዋል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ምግብ ሲሰጠው ግን ሰዓቱ ይስተካከላል፤ ፀሐይን ረስቷል፣ የምግብን ሰዓት ግን አልረሳም። በ2018 ደግሞ በፀሐይ ጨረር የተጎዳ ዲኤንኤን በብርሃን ኃይል የሚጠግነው ሥርዓቱ እንደጠፋ ታወቀ። በአስቲያናክስ ላይ የምናየው ጉዞ ጅማሬው ነው፤ በፍሪያቲክቲስ ላይ ግን መመለሻው የተዘጋበትን ሩቅ ክፍል እናያለን።

በመጨረሻ ለመምህራኑና በተለይ ወላጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ በጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ ላይ ላሉ ተማሪዎች አንድ ነገር አደራ ልበል። የሶማሊያ ዓሦች የሚገኙት ከጉድጓድና ከምድር ስንጥቅ ነው። በኖራ ድንጋይ አገር ከሚቆፈር ጉድጓድ ጣት የሚያህል ነጭ ዓሣ፣ ወይም ዓይን የሌለው እንደ ሽሪምፕ ያለ ትንሽ ፍጥረት ከውሃው ጋር ቢወጣ፣ አትጣሉት፤ በፀሐይ ላይም አታድርቁት። በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ጠንካራ አልኮል ሞልታችሁ አስገቡት፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ ለዚህ አይሆንም። በወረቀት ላይ በእርሳስ የጉድጓዱን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ ቀኑንና የውሃውን ሙቀት ጽፋችሁ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ አብራችሁ ክተቱ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል አድርሱት። በሕይወት ያለ ከሆነም አንዱን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን ወደ ጉድጓዱ መልሱት።

ማንቆርቆሪያው የት ደርሷል? ከኋላ ወንበር ያላችሁ፣ ቅርፊቱን ለመፋቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ማንኪያውም ሎሚውም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።